ተራውን የሚጠብቅ ባቡር

አምሐ ባጃጅ አጥቶ አይደለም በእግሩ የቀረው። ሦስት ቆመውለት ነበር፤ ሦስቱም የያዘውን ሰፊ ጣውላ ሲያዩ ጥለውት ሄዱ። በጣውላው ላይ ሁለት ክብ የመጫወቻ ባቡር ሐዲዶች እንደ ሰንሰለት ቀለበት ተደራርበው ተዘርግተዋል። ሁለቱ በሚደራረቡበት መስቀለኛ ቦታ ላይ የላላውን ሐዲድ ግሽ አባይ ሰፈር ያለ በያጅ ዘንድ አስጠግኖ ወደ ኮሌጁ እየመለሰው ነው፤ የተማሪዎች የሥራ ትርኢት ረፋዱ ላይ ይከፈታል። የሐይቁ ንፋስ ጣውላውን እየገፋ ሲያስቸግረው፣ ነጭ የጠመጠሙ አንድ አባት መቋሚያቸውን በብብታቸው ሸጎጥ አድርገው ሌላውን ጫፍ ያዙለት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ኮሌጁ ነው አባቴ፤ እርስዎን ግን ላደክም አልፈልግም።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ። በል አንሣ።»

በመንገድ ላይ ማንነታቸውን አጫወቱት። መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ይባላሉ፤ በሐይቁ ዳር ባለ ደብር ለብዙ ዓመት ዜማ አስተምረው አሁን ዱርቤቴ ከተማ ተቀምጠዋል። ኮሌጅ የሚሄዱት ኤሌክትሪክ የምትማር ልጃቸውን ሊያስወጡ ነው። አንድ የአገራቸው ሰው፣ ልጅዎ የሕፃን መጫወቻ ባቡር ስትገጣጥም ነው የምትውለው ብሎ ነግሯቸዋል። ዱርቤቴ ደግሞ የጽሕፈት ሥራ ተገኝቶላታል፤ እስከ ነገ ካልደረሰች ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከኮሌጁ እንድትወጣ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጽፈው ይዘዋል።

አምሐ የልጅቱን ስም ጠየቃቸው።

«ወንጌላዊት።»

አምሐ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮሌጁ እስኪደርሱ ዝም ልበል ብሎ አሰበ፤ ነገር ግን ሸክም የሚያግዘውን ሰው ማታለል ሆነበት።

«መሪጌታ፣ መምህሯ እኔ ነኝ። ይህ የያዝነው ጣውላም የእሷ ሥራ ነው።»

መሪጌታ ጣውላውን አዩት፤ አልለቀቁትም።

«ልጄን ላስወጣ መጥቼ የልጄን ጥፋት አሸከሙኝ በሉኛ መምህር» አሉት፤ አንተ ሲሉት ቆይተው መምህር መሆኑን ሲሰሙ አንቱ ማለታቸው አሳፈረው። «እሺ፣ ጀምሬዋለሁና አደርሰዋለሁ። ሐሳቤ ግን ያው ነው።»

ከዚያ እስከ ኮሌጁ በር ተከራከሩ። አምሐ ሪሌይ ስለሚባለው ነገር አስረዳቸው፦ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ በሰው ጣት ፈንታ ራሱ ባቡሩ ያዝዘዋል። ይህን በመጫወቻ ላይ የተማረ ሰው የፋብሪካን ማሽንም ሆነ እንደ ቆጋ ባለ የመስኖ ግድብ ላይ ያለን የውኃ በር ለማዘዝ ይደርሳል አላቸው። መሪጌታ በትዕግሥት ሰሙትና መለሱ።

«የወንድሜ ልጅ መልካሙ የፋብሪካ በር ከፋች ነበር። በሩ በራሱ የሚከፈት ሆነና ልጁ ከሥራ ወጣ። እኔ ልጄን ሰው የሚያስወጣ ሙያ ላስተምራት?»

 አምሐ እውነት መሆኑን አመነላቸው፤ ማመኑም ክርክሩን ትንሽ አለዘበው።

አዳራሹ ገና ባዶ ነበር። ወንጌላዊት የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ በእጃቸው ያለውን ወረቀት አይታም የመጡበትን ገባት። አላለቀሰችም። ሁለቱን ባቡሮች በየሐዲዳቸው አስቀምጣ ኤሌክትሪኩን አገናኘች።

«አባባ፣ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይዩልኝ።»

ባቡሮቹ ዞሩ። ቀዩ መስቀለኛው ውስጥ ሲገባ ሪሌይዋ ቀጭ አለች፤ አረንጓዴው ከመስቀለኛው ወዲህ ቆመ። ቀዩ ሲወጣ እንደገና ቀጭ አለች፤ አረንጓዴው ተነሣ። መሪጌታ የጠረጴዛውን ልብስ ገልጠው ከሥር ሰው ይኖር እንደሆነ ተመለከቱ። ማንም የለም። ከዚያ ቀዩ እንደገና መስቀለኛው ውስጥ ሲገባ እጃቸውን ሰደው አነሡትና በጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት። መንገዱ ባዶ ሆነ፤ አረንጓዴው ግን ቆሞ ቀረ።

«ይኸው! መንገዱ ባዶ ነው፣ ምን ይጠብቃል? ይሄማ ሞኝ ነው» አሉ።

«ቀዩ መግባቱን እንጂ መውጣቱን ማንም አልነገረውም አባባ። ያልተነገረውን ገምቶ አያልፍም። ቢገምት እኮ ይጋጫል።»

 መሪጌታ ሪሌይዋን ጎንበስ ብለው ተመለከቷት።

«ማኅሌት ላይ የቀኙ ረድፍ ዜማውን ሳይጨርስ የግራው ሲያነሣ ምን ያህል እቆጣ እንደነበር ታውቂያለሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ይቺ አንድ ጊዜ ተነግሯት ጠበቀች። የመልካሙን ሥራ እንደወሰደው በር ግን ሰው ታስወጣለች።»

«እስከ ነገም ትጠብቃለች። ለዚህ ነው ሰው የሚያስፈልጋት። ቀዩ ምን ነካው ብሎ ሄዶ የሚያይ፣ የተበላሸውን የሚጠግን። መልካሙን በሩን መክፈት ብቻ እንጂ ይህን ያስተማረው ሰው አልነበረም።»

«ጥፋቱ የበሩ አይደለም ማለትሽ ነው።»

«የበሩም የመልካሙም አይደለም አባባ።»

መሪጌታ ባቡሩን ከጋቢያቸው አውጥተው ሐዲዱ ላይ መለሱት። ከመስቀለኛው እስኪወጣ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት፤ አረንጓዴው ሲነሣ ወደ አምሐ ዞሩ።

«መምህር፣ እስካሁን እንደ መጫወቻ አየሁት፤ ተሳስቻለሁ። ማመልከቻዬን አላስገባም። ነገር ግን በነፃ አይደለም፤ መልካሙን ትቀበሉታላችሁ?»

አምሐ ኮሌጁ አጭር የጥገና ሥልጠና እንዳለው፣ ለመመዝገቢያም አንድ ሳምንት እንደቀረው ነገራቸው። እሱ ራሱ እንደሚያስተምረውም ቃል ገባ። እንዲህም አላቸው፦ ማሽን የሰውን እጅ ሲያሳርፍ፣ ያ ሰው ሌላ ሙያ እንዲይዝ ካልታገዘ ዕረፍቱ ሥራ ማጣት ይሆንበታል፤ ከታገዘ ግን ቀኑን ሙሉ በር ሲከፍት የኖረው ሰው የበሩን አሠራር ያዛል። መሪጌታ በዚህ ተስማሙ። ዱርቤቴ ደውለውም የጽሕፈቱ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጥ አሉ።

ረፋዱ ላይ አዳራሹ ሞላ። አንድ ሱፍ የለበሰ እንግዳ አረንጓዴው ባቡር ቆሞ ሲያይ ሊገፋው ጣቱን ዘረጋ። መሪጌታ እጁን ያዝ አደረጉት።

«ተው ልጄ። አልተበላሸም፤ ተራውን እየጠበቀ ነው።»

እንግዳው ጥምጥማቸውን አይቶ ተገረመ። ሥራው የእርስዎ ነው ወይ ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ከጠረጴዛው ፊት ገለል ብለው ለወንጌላዊት ቦታውን ለቀቁላት።

«የእሷ ነው። እሷን ጠይቃት፤ እኔም ዛሬ ከእሷ ነው የተማርሁት።»