ክዳን የሌለው ቦርሳ

ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ሰሌን ሠሪና አንድ መምህር ያወሩ ነበር።

«መምህር፣ እነዚያ የተማሪ ቦርሳ እንሠራለን ያሉት ልጆች እናንተም ጋ መጡ?»

«መጡ እንጂ እትዬ። ተማሪዎቹን ምን ዓይነት ቦርሳ እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው።»

«ምን አሉ?»

«ዝናብ የማያስገባ አሉ፣ ሁሉም በአንድ አፍ።»

«እኔንም ሦስት ቀን አጠገቤ ቁጭ ብለው ሲጠይቁኝ ዋሉ። ‹ሰሌን ሲሠሩ ምን ይሰማዎታል?› አሉኝ።»

«ምን መለሱላቸው?»

«ወገቤን ያመኛል አልኳቸው።»

«ጻፉት?»

«ወላሂ ጻፉት! በወሩ ቦርሳውን ይዘው መጡ። የሰሌን ነው፣ ማማሩንስ ያምራል። ግን ክዳን የለውም።»

«ኧረ! ዝናቡስ?»

«እኔም እሱን አልኩ። ለልጄ የሰጧትን ወስጄ ክዳን ሰፋሁበት። ደብተሯ ደርቆ ይገባል አሁን።»

«ደግ አደረጉ። እነሱስ ምን አሉ?»

«‹ዲዛይናችንን አበላሹት› ብለው ተቆጡኝ። ይኸው ዛሬ ቆቦ ለስልጠና ጠርተውኛል።»

«የምን ስልጠና?»

«የሰሌን አሠራር።»

መምህሩ ሳቁን ሳይጨርስ፣ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የአሰልጣኝነት ባጅ ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።