ኮምፕሬሰር ስንመርጥ የባከኑ እሁዶች

አለቃችን፣ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው የዚህ ሰውዬ ባለቤት እህቴም፣ እንደምን ዋላችሁ። ጸሐፊዋ ንግግሩን ልጻፍልህ ብላኝ እምቢ ብያለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድም የራሴ ነው፤ ቀስ እያልኩ ሳነብ ማንም እንዳያጣድፈኝ።

ይኼ ሰው እዚህ እንጨት ሥራ ቤት የገባ ቀን አለቃ «ያን ቁም ሣጥን ቀለም ርጭበት» አሉት። ሌላ አዲስ ሠራተኛ ቢሆን ሮጦ ይረጭ ነበር። እሱ «ቆይ እስኪ» አለና ለቀለም መርጫው አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ሥር ተንበረከከ፤ የአየር ታንከሩን የውሃ ማፍሰሻ ከፈተው። ፉጨቱ ጆሮ ይበጥሳል! ዝገት የመሰለ ውሃ ተፈናጥሮ የአለቃን አዲስ ሱሪ አጨማለቀው። «ይኼን ነው ከቀለም ጋር ስትረጩ የከረማችሁት?» አለ እንጂ ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። በዚያው ስሙ «ቆይ እስኪ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ውሃውን ሳያፈስ ከሥራ ወጥቶ አያውቅም። እኛም ሰዓት ማየት ትተናል፤ ፉጨቱን ስንሰማ እጃችንን እንታጠባለን።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ። ጡረታው ሲቃረብ ጓሮው ውስጥ ትንሽ የቀለም ሥራ ሊጀምር አሰበ፤ ለዚያ ኮምፕሬሰር ፈለገ። መፈለጉ ባልከፋ። የፈለገው ግን እኔን እየጎተተ ነው! እሁድ በመጣ ቁጥር በሬን ይደበድባል።

«ተነስ፣ ኮምፕሬሰር እንይ።»

«ባለፈው እሁድ አየን እኮ!»

«በደንብ አላየነውም።»

አንዱ ኮምፕሬሰር ሲነሳ ጮኸ፤ «ይኼን ጓሮዬ ባስነሳው ሚስቴ ከነኮምፕሬሰሩ ታስወጣኛለች» አለ። እህቴ፣ አትሳቂ። ሌላው የፋብሪካ መብራት ካልሆነ አይሠራም፤ ይኼንኑ ለማወቅ ሻጩን ግማሽ ቀን አደረቀው። የአንዱን ማፍሰሻ ለማየት ደግሞ በእሁድ ልብሱ ሱቁ ወለል ላይ ተጋደመ። ተጋድሞስ መቼ በራሱ መነሳት ቻለ! እኔና ሻጩ ብብቱን ይዘን አነሳነው። ሻጩ ምርር ብሎት «አባቴ፣ ወይ ይግዙ፣ ወይ እዚሁ ይቀጠሩ!» አለው።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ አገኘን። ድምጿ ለስላሳ፣ ማፍሰሻዋ እጅ የሚደርስበት፣ በቤት መብራት የምትሠራ። ተገላገልኩ አልኩ። ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይቺ ለአንድ ሰው ናት» አለ።

«ታዲያ አንተ ስንት ነህ?» ብዬ ጮህኩበት።

ቀድሞኝ ወጣ።

እኔ ግትር ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። የልጆቼ እናት ካረፈች ወዲህ እሁድ ማለት ለኔ ግድግዳ ማየት ነበር። ይኼ ሰው ያውቃል። «አይዞህ» ቢለኝ በሩን እንደምዘጋበትም ያውቃል። ስለዚህ ኮምፕሬሰር ይመርጣል። እያናደደኝ፣ ፀሐይ ላይ እየገተረኝ ይመርጣል። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። ግን ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ባልደረቦቼ ለስጦታ ኮምፕሬሰር እንግዛለት ሲሉ ምርጫውን እኔ ላይ ጣሉት። ሱቆቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁና! ያው፣ ሸራ ለብሶ ቆሟል። እዚህ ስደርስ ይኼ ሰው ጎንበስ ብሎ ማፍሰሻውን መፈለጉ አይቀርም ብዬ ቀድሜ ጽፌ ነበር፤ ይኸው፣ እዩት! ተቀመጥ አንተ ሰውዬ፣ በጎኑ በኩል ነው፣ አይቼዋለሁ።

የአየር መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ላንተ ቀለም መርጫ። ሌላው የኔ ነው፤ ሚስማር መምቻዬን እሰካበታለሁ። ከእንግዲህ ኮምፕሬሰር አለህ፣ በሬን የምትደበድብበት ሰበብ የለህም። ስለዚህ እሁድ ጠዋት እኔ ያንተን እደበድባለሁ። «ቆይ እስኪ» ብትለኝ አልቆይም።

ነገ ከሥራ መውጫችን ሲደርስ ማን እንደሚያፏጭልን እንጃ። በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጉልበትህ ይጽና፣ ጓሮህ ሥራ አይጣ፣ ከባለቤትህ ጋር ዕድሜ ይስጥህ። ለቆይ እስኪ ጤና!

ጠጣው እንጂ! ደግሞ ብርጭቆውን ከፍ አድርገህ ሥሩን ምን ታያለህ? ማፍሰሻ የለውም!