ለጅራታም ኮከብ ማያ ስለ ተመረጠው የርቀት መነጽር

የምስክር ቃል

የቃል ሰጪው ስም፦ አቶ ቀለመወርቅ ይመኑ
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ሰዓት ሠሪ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ፣ የቤት ቁጥር 318
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ጀምሮ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ መገርሳ ጉተማ

የተፈጸመብኝ በደል ይህ ነው። ለምስክርነት ትፈለጋለህ ብለው ጠርተው አሥራ አንድ ቀን አሰሩኝ። መነጽሬን ያለ ደረሰኝ ወሰዱ። በሰባ ስድስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ጅራታም ኮከብ ጥሩ ሆኖ የሚታይባቸውን ንጋቶች፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ በሆነ ክፍል ውስጥ ከዘጠኝ ሰዎች ጋር አሳለፍሁ። ኮከቡ የሚወጣው በደቡብ ምሥራቅ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ወይዘሮ አልፊያ ሱልጣን የምትባል፣ ሦስት ልጆች ያሏት ነጋዴ፣ እኔ በሠራሁት ሥራ ምክንያት በዚሁ ጣቢያ መታሰሯ ነው። ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፎልኛል።

መጋቢት 15 እና መጋቢት 17 ቀን የተጻፉ ሁለት ቃሎች ቀርበውልኝ አልፈረምሁም። ያልተናገርሁት ነገር ተጨምሮባቸው ነበር። ዛሬ ሃምሳ አለቃ መገርሳ እንደምናገረው ሊጽፉ ስለ ተስማሙ፣ እኔም እያንዳንዱን ገጽ ሳላነብ ሌላ ገጽ እንዳይጀመር ስለ ተስማማን፣ እንደሚከተለው ቃሌን ሰጥቻለሁ።

በአየር ጤና ከፌርማታው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓት ሠርቻለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣለ ሰዓት እየፈታሁና እየገጠምሁ ተማርሁ። የሰማይንም ነገር ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ በራሴ ተማርሁ። በጥር ወር ጅራታሙ ኮከብ በመጋቢት ከንጋት በፊት እንደሚታይ በራዲዮ ሰማሁ። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ያለ መሣሪያም ያየዋል። የእኔ ዓይን ግን በሰዓት ጥርስ ላይ የደከመ ስለሆነ የርቀት መነጽር እንደሚያስፈልገኝ ወሰንሁ።

ወይዘሮ አልፊያ ከእኔ ሱቅ አራተኛዋ ናት። ያገለገለ የቤት ዕቃ ትሸጣለች። የካቲት 24 ቀን ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሄጄ ብጠይቃት ሦስት የርቀት መነጽሮች ከአንድ ሳጥን አወጣችልኝ። ከአገር የወጡ የውጭ ሰዎች የቤት ዕቃቸውን ሲሸጡ እንደ ገዛቻቸው ነገረችኝ። ስትገዛ አላየሁም፤ ስለዚህ ከነገረችኝ በላይ አላውቅም።

ትልቁን አንሥታ "ይሄ አሥር ጊዜ ያቀርባል ጋሼ፤ ጨረቃን ከነአቧራዋ ደጅዎ ድረስ ያመጣልዎታል" አለችኝ። ተቀብዬ አየሁበት። አሥር ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር የእጅንም መንቀጥቀጥ አሥር ጊዜ ያበዛል። በእኔ ዕድሜ እጅ ኮከብ ቢታይበት ኮከቡ እንደ ዝንብ ሲዞር ያድራል። መለስሁላት። ሁለተኛው ትንሽና ቀላል ነው፤ ስምንት ጊዜ ያቀርባል፤ ለቀን መልካም ነው። የፊት መስተዋቱ ግን ሠላሳ ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በጨለማ የሚበቃ ብርሃን አይሰበስብም። ሦስተኛው ሰባት ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ ሃምሳ ሚሊሜትር የሆነ፣ ቆዳው የተላጠ፣ በግራው ቱቦ ውስጥ ሻጋታ የጀመረው ነበረ። ወይዘሮ አልፊያ ለሰው ልታሳየው ታፍርበት ስለ ነበር ከሳጥኑ ሥር አኑራዋለች። የመረጥሁት እሱን ነው። ሰማይ ማየት ለሚጀምር ሰው ብዙ ከሚያቀርብ መነጽር ይልቅ ብዙ ብርሃን የሚያስገባና በእጅ ላይ ጸጥ የሚል ይሻላል። ክንዴን ዘርግቼ ወደ ብርሃን ያዝሁትና በዓይን ማስጠጊያው ላይ የሚታየውን የብርሃን ክብ መረመርሁ። ዳሩ ሳይቆረጥ ሙሉ ክብ ነበረ፤ ይህም ብርሃኑ በውስጡ ሳይጋረድ እንደሚያልፍ ያሳያል።

ቀጥሎ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ ቦታ ማየታቸው መረጋገጥ ነበረበት። ይህ የሚፈተነው ሩቅ ባለ፣ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ቱቦዎቹ ከተዛቡ ነገሩ ሁለት ሆኖ ይታያል። ወይዘሮ አልፊያ "የፌርማታውን ሰሌዳ ይዩበት፤ ሰው ሁሉ በሱ ነው የሚሞክረው" አለችኝ። እምቢ አልሁ። ፊደል ዓይንን ያታልላል፤ የምናውቀውን ቃል በደንብ ሳናየውም እናነበዋለን። ከሱቋ ደጅ ከሚታየው ሁሉ ቀጭንና ቀጥ ያለው በጦር ኃይሎች አቅጣጫ ከጣሪያዎች በላይ የሚታየው ቀይና ነጭ የተቀባ የብረት ምሰሶ ነው። በ9 ሰዓት ፀሐይ ከጀርባዬ ስለምትሆን ምሰሶው ጥርት ብሎ ይታያል። ምሰሶውን የመረጥሁት እኔ ነኝ። የሠራዊት መሆኑን የሰማሁት ከታሰርሁ በኋላ ነው፤ ያኔ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም አላሰብሁም።

ሃምሳ አለቃው በአንድ ቀን አይቶ መሄድ ሲቻል ለምን ሦስት ቀን፣ ያውም በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ምሰሶ ተመለከትህ ብለው ደጋግመው ጠይቀውኛል። መልሴ አንድ ነው። የታደሰ ሰዓት በአንድ ቀን አይታመንም። ሦስት ቀን፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ ከአንድ የታመነ ሰዓት ጋር ይመሳከራል፤ ልዩነቱም በደብተር ይጻፋል። ባለቤቱ ደጄ ቆሞ ቢለምነኝም ከሦስት ቀን በፊት አስረክቤ አላውቅም። መነጽርም ያው መሣሪያ ነው። ሰኞ ምሰሶው አንድ ሆኖ ታየኝ። ማክሰኞ መነጽሩ ፀሐይ ላይ ውሎ ስለ ነበር ሁለት ሆኖ ታየኝ። ረቡዕ ጥላ ውስጥ ስለ ዋለ እንደገና አንድ ሆነ። ሙቀት ሲያገኘው የሚንሸራተት የላላ መስተዋት በውስጡ እንዳለ የማውቀው በዚህ ነው። በሰኞው ብቻ ፈትኜ ብወስደው ኖሮ ተታልዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አልፊያ በገበያተኛ ፊት "ጋሼ፣ ሚስት ሲያጩም እንዲህ አላገላበጡም" ብላ ሳቀችብኝ። "ሚስቴን የመረጠልኝ አባቴ ነው፤ ይሄን የምመርጠው እኔ ነኝ" አልኋት። "ታዲያ ምናለ አባትዎ በመጡልን፣ ሱቄን በዘጋሁ" አለችኝ። ስለ ምሰሶው በሦስቱም ቀን በመካከላችን የተነገረ ነገር የለም።

መነጽሩን በዚያው ረቡዕ ወስጄ ቤቴ ፈታሁት። ሻጋታውን ጠረግሁ፤ የላላውን መስተዋት አጠበቅሁ። ዕቃው የሠራዊት ንብረት ነው ስለ ተባለው፣ እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ የፈታሁት እኔ ነኝ፤ በውስጡም በውጭውም የሠራዊት ምልክት ወይም የንብረት ቁጥር አላየሁም። አሁንም በፊታችሁ ልክፈተው ብዬ ነበር፤ ማስረጃ አይነካም ተባልሁ።

መጋቢት 3 ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት በግቢዬ ውስጥ ክርኔን በውሃ በርሜሉ ላይ አስደግፌ ኮከቡን አየሁት። ራሱ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል፤ ጅራቱ ወደ ምዕራብ ሽቅብ ተስቦ ከመነጽሩ ክብ ይወጣል። ምሰሶው ከግቢዬ አይታይም፤ በዚያ በኩል የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። ሰው ልኮ ማረጋገጥ ይቻላል። እስከ ዛሬ የተላከ የለም።

ሌላ በመነጽሩ ያየ ሰው እንዳለ ተጠይቄ፣ አዎን አለ ብያለሁ። መጋቢት 5 ቀን ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጓድ ፀሐዬ ከጥበቃ ሲመለስ በአጥሩ በኩል አየኝና "አባባ ቀለመወርቅ፣ በዚህ ሰዓት ምን ይፈልጋሉ?" አለኝ። ኮከብ እያየሁ ነው፤ ግባና እይ አልሁት። ገባ። ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ ብዙ ቆይቶ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናቴ እንዲህ ያለ ኮከብ ሲወጣ መንግሥት ይለወጣል ትል ነበር፤ እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "የእኔም እናት ትል ነበር። ውሸት ነው። በረዶና አቧራ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል፤ ማን እንደ ተሾመ አያውቅም" አልሁት። መነጽሩን ከመለሰልኝ በኋላ "ይሄን መጠየቄን ለሰው እንዳይነግሩብኝ" አለኝ። እኔም "ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም" አልሁት። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። አይዞህ ልለው እችል ነበር፤ አላልሁትም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 8 ቀን ሰኞ ጠዋት፣ በእሱ ጥቆማ ከሱቄ ተወሰድሁ። ከማን እንደ ገዛሁትና በምን እንደ ፈተንሁት ተጠይቄ እውነቱን ስለ ተናገርሁ፣ በዚያኑ ዕለት ወይዘሮ አልፊያም ተያዘች።

መጋቢት 15 ቀን ሃምሳ አለቃ መገርሳ ያቀረቡልኝ ቃል "ምሰሶውን እንድመለከት ያመለከተችኝ ወይዘሮ አልፊያ ናት" ይል ነበር። ይህን ከፈረምሁ በምስክርነት ተመዝግቤ በዚያኑ ዕለት ወደ ቤቴ እንደምሄድ፣ ካልፈረምሁ ግን ምስክር መሆኔ ቀርቶ ተጠርጣሪ እንደምሆን ነግረውኛል። ዛሬ ይህም ይጻፍ ስላቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ "አባት፣ እርስዎ እኮ ሰው ያደክማሉ" ብለው ጽፈውታል።

መጋቢት 16 ቀን ባለቤቴ ወይዘሮ አጸደ ምግብ ይዛ መጥታ በበሩ ላይ "ፈርመው ይምጡ፤ ለአልፊያ ፈጣሪ አላት" አለችኝ። አርባ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር የለመነችኝ ነገር ጥቂት ነው። ምግቡን ተቀብዬ ሂጂ አልኋት።

በማግስቱ ወደ መጸዳጃ ስንወሰድ ከወይዘሮ አልፊያ ጋር በግቢው ተላለፍን። ከስታለች። "ጋሼ፣ ሰኞን ብቻ አይተው ቢሄዱ ምን ነበረበት?" አለችኝ። ዘቡ ዝም በሉ አለን። ሦስት ቀን መፈተን ትክክል ነው። እሷ መታሰሯም በዚያ ምክንያት ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ስለዚህ ከእኔ የተወሰደው የሥራ ደብተር ዛሬ እንዲመጣ ጠይቄ መጥቷል። ገጽ 43 የካቲት 24 ቀን በእጄ የተጻፈ ነው፤ በዚያን ቀን ማንም አልታሰረም፤ ለማንም ብዬ የምጽፈው ምክንያት አልነበረኝም። እንዲህ ይላል፦ "አልፊያ የፌርማታውን ሰሌዳ አሳየችኝ። አይሆንም። ምሰሶውን መረጥሁ። ነገ በ9 ሰዓት እንደገና።" ሃምሳ አለቃው ገጹን ሁለት ጊዜ አንብበው ደብተሩን ዘጉት። ከዚያ "አባት፣ ይሄ ከተያያዘ እሷን የምንይዝበት የለንም፤ ከሰዓት በኋላ ትወጣለች። እርስዎ ግን ከዚህ ወደ ሌላ ቦታ ይተላለፋሉ። የት ብለው አይጠይቁኝ" አሉኝ። ገጹ ከቃሌ ጋር ይያያዝ ብያለሁ። በላይ ምስክር የሚለው ተሰርዞ ተጠርጣሪ መባል ካለበትም ይሰረዝ፤ ስርዙ ላይ እፈርማለሁ።

ሰሌዳውን የተውሁት እኔ ነኝ። ምሰሶውን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ያልሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ አልፊያ መነጽር ከመሸጥና በእኔ ላይ ከመሳቅ በቀር ያደረገችው የለም። በዚህ በስድስት ገጽ የተጻፈውን ራሴ አንብቤዋለሁ፤ ከአፌ ያልወጣ ቃል አላገኘሁበትም፤ ሐሰት ቢገኝበት እኔ እጠየቅበታለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ መነጽርም ስለዚህ ኮከብም አልናገርም። ሌላ መርማሪ ከመጣ ይህን ያንብብ። ዳኛ ፊት ከቆምሁ ይህ ይነበብ። ወደ ቤቴ ከተመለስሁም ባለቤቴ አትጠይቀኝ፤ ወይዘሮ አልፊያም ልታመሰግነኝም ልትወቅሰኝም አትምጣ። አንድን ነገር ሁለተኛ ጊዜ የሚናገር ሰው ማሳመር ይጀምራል። እኔ አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ አልደግመውም።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ቀለመወርቅ ይመኑ
በስርዙ ላይ፦ ቀለመወርቅ ይመኑ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ መገርሳ ጉተማ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10
አባሪ፦ የሥራ ደብተር ገጽ 43፣ አንድ ቅጠል