ጡብ ሠሪው ሙዚየም ሲገቡ

የደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ተራ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ጎረቤቴ መጥተው አጠገቤ አረፍ አሉ። ሰላምታችን ሳያልቅ ነገር ፈለግኋቸው፤ ዝም ማለት መቼም አልሆነልኝም። የምሠራው በከተማችን ትንሽ ሙዚየም ነው። ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎች ተቀብዬ አስጎበኛለሁ። ነገ ከሚመጡት አርባ ልጆች የፈቃድ ወረቀት ያልተፈረመላት እርሳቸው የሚያሳድጓት የልጅ ልጃቸው ብቻ ነበረች፤ አስተማሪዋ እንደነገረችኝ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

«አባባ፣ ምነው ልጅቷን ከለከሏት?»

«ልጄ፣ ታሪክ የነገሥታት ነው። እኛ ሰፈር ምን ታሪክ አለና? አሮጌ ዕቃ ከምታይ ሂሳቧን ብትሠራ ይሻላታል።»

«ሂሳቡ ነገም አለ። የቆመችበትን መሬት ሳታውቅ የሩቁን ብታነበንብ ምን ይረባታል? ይህን የተደገፍነውን ግድግዳ ማን እንደሠራው እንኳ አታውቅም።»

ዞር ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ጡቡ የእኛ ነው፤» አሉ ቀስ ብለው። «ሠላሳ ዓመት ጭቃ አቡክቻለሁ።»

አሥር ዓመት ስንጎራበት ይህን ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ሙዚየም ያለ አንድ ዕቃ ትዝ አለኝ፤ ውስጡ ለሁለት የተከፈለ፣ ታቹ ክፍት የሆነ የእንጨት ሳጥን። «'የእህል መስፈሪያ' ብዬ ጽፌበታለሁ፤» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ቂጥ የሌለው መስፈሪያ? እህሉ የት ሊቀመጥ ነው! እሱ እኮ የጡብ ፎርማችን ነው። ተምሬያለሁ ትያለሽ ደግሞ!»

«እንግዲያው መጥተው ያርሙኝ። እርስዎ ዝም ካሉ አርባ ልጆች የእኔን ስህተት ይዘው ያድጋሉ።»

ሳቃቸው ጠፋ። «አባቷ ተማሪ ሳለ 'የጭቃ አቡኪ ልጅ' እያሉ ያሾፉበት ነበር። አንድ ቀን 'አባዬ፣ ትምህርት ቤት አትምጣብኝ' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እሷም ብታፍርብኝ አልችለውም።»

«አባባ፣ ልጅዎ ያፈረው የሥራዎን ክብር የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ልጅ የነገሩትን ያከብራል፤ የደበቁትን ግን ነውር ይመስለዋል።»

ግድግዳውን እንደገና ዳሰስ አድርገው የታጠፈውን የፈቃድ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና «እስክሪብቶ አለሽ?» አሉኝ።

በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ጭቃው ፎርማው ላይ እንዳይጣበቅ ውስጡ አሸዋ እንደሚነሰንሱ፣ ጭቃውን በኃይል ወርውረው አፉን እንደሚያስተካክሉ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱ። «የትምህርት ቤታችሁም ጡብ እንዲህ ነው የተሠራው፤» ሲሉ ከኋላ አንዱ ልጅ፣ «ጭቃ ማቡካትም ሥራ ነው እንዴ?» ብሎ ልጆቹን አሳቀ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ልቆጣ አፌን ስከፍት የልጅ ልጃቸው ከመሀል ወጥታ እጃቸውን ያዘች።

«አያቴ ናቸው!» አለች ጮክ ብላ። «ክፍላችንን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ!»

ያሾፈው ልጅ ሳይቀር ሁሉም እጁን አወጣ። ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ እስከ ምሳ ሰዓት ሲመልሱ ቆዩ።

ልጅ የሰፈሩን ታሪክ ከሠሩት ሰዎች አፍ ሲሰማ መጠየቅ ይለምዳል፤ ግድግዳ መቧጨር ይተዋል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራን ሰው አይንቅም። እኛም ተማርን ባዮቹ እንታረማለን። ይህን ሁሉ ለሽማግሌው በር ላይ ልተነትንላቸው ስል አቋረጡኝ።

«ገብቶኛል ልጄ። የሚቀጥለው ሐሙስ አባቷን ይዤው እመጣለሁ። እሱም እኮ አልሰማም።»