የባዳቾ ቤት ደም

ከዲምቱ ወደ ሶዶ የምትሄደው ሚኒባስ ጎማዋ ፈንድቶ መንገድ ዳር ስትቆም፣ አቶ ባዳቾ ሊያገኟት የማይፈልጓት ልጅ ከኋላ ወንበር ስትወርድ አዩ። ሜላት ነበረች፤ የሶዶው የጨርቅ ነጋዴ የተድላ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ለሚያካሂደው የደም ሕመም ጥናት የምትሠራ። ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በፊት ከቀበሌ ሰው ጋር ደጃቸው መጥታ፣ «በዚህ ቤት ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ ሰው ነበር?» ብላ ጎረቤት እየሰማ ጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም «የለም» ብለው በሩን ዘጉባት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸውና ያቺ አንዲት ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎታቸው መሀል እየገባች ትረብሻቸዋለች።

ሾፌሩ ትርፍ ጎማ ፍለጋ ሄደ። የሚያስጠልል ዛፍ አንድ ብቻ ነበርና፣ ቢወዱም ባይወዱም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ? ለገበያ ነው?» አለች ሜላት።

«ይመስገን። ለድግስ ነው። የእህቴን የልጅ ልጅ ሐሙስ እናስገርዛለን። ቅቤና ጋቢ ልገዛ ብዬ ነው።»

በአገሩ ደንብ ልጅ የሚገረዘው ጎረምሳ ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ቅቤና ገንፎ እየበላ ያርፋል፤ እስኪገረዝ ድረስም ማንም ከወንድ አይቆጥረውም። ሜላት «እንኳን ደስ ያለዎት» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ልጁ ጤናው እንዴት ነው? ነገር ሲመታው ቶሎ ያብጣል?»

አቶ ባዳቾ ደነገጡ። ከእናቱ ጋር እሳቸው ቤት የሚኖረው የዚያ ልጅ፣ የጌታሁን፣ ጉልበት ዛሬ ጠዋትም አብጦ ነበር። ለጠየቀ ሁሉ «ኳስ ነው» ይላሉ፤ ወጌሻም ደጋግሞ አሽቶታል። ፍርሃታቸው ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይልቅ እኔ ልጠይቅሽ። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች የሰው ገመና ለምን ትጎረጉራላችሁ? ከአንቺ በፊትም መጥተው ነበር። ደማችንን ቀድተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን አላየንም። ለእኛ የተረፈን የጎረቤት ሹክሹክታ ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ አባባ። ደም ወስዶ ውጤቱን አለመንገር ነውር ነው። እኔም ያን ቀን ሰው ፊት መጠየቄ ጥፋት ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ለክርክር ወገባቸውን አስረው ሳሉ ተከራካሪ አጡ። ሲናገሩም ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ግን ነገሩን እወቂው። ትዕዛዝ የምትባል ልጅ አለችኝ። የአቶ ጩማ ቤት ሽማግሌ ልኮ፣ የሠርግ ቀን ቆርጠናል። ሽማግሌ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘር ነው፤ እኔም ‹በዘራችን ሕመም የለም› ብያቸዋለሁ። ደማቸው የማይረጋ ቤት ከተባልን ማን ያገባታል?»

«ደማችሁ የማይረጋ ቤት ነው እንዴ፣ አባባ?»

«አላልኩም! መቼ አልኩ?»

ጩኸታቸው ግን አሳበቀባቸው፤ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ዞር ብለው አዩአቸው። ሜላት አላፋጠጠቻቸውም። መንገድ ላይ የገዛችውን ቆሎ መሐረቧ ላይ ዘረገፈችና በወላይትኛ ቀጠለች፤ ተወልዳ ያደገችው ሶዶ ነውና ቋንቋው ይዋጣላታል።

«የእርስዎን ቤት እንተወው። ሌላ ቤት ላሳይዎት። ሽምብራው ሴት፣ ገብሱ ወንድ ይሁን። ይህች እናት ሕመሙ አይታይባትም፤ ግን ተሸክማዋለች። ከወንዶች ልጆቿ አንዱን ይይዘዋል፣ ሌላውን ይተወዋል። ሴት ልጇ እንደ እሷ ደህና መስላ ልትሸከመው ትችላለች። አግብታ ወደ ሌላ ጎሳ ትሄዳለች። እዚያ ወንድ ልጅ ሲሞትባት ያ ጎሳ የራሱ እርግማን ይመስለዋል።»

«እኛ ዘር የምንቆጥረው በአባት ነው» አሉ አቶ ባዳቾ።

«ለዚህ እኮ ነው የሚሰወርብን። ሽማግሌ ሲመጣ የአባትን ጎሳ እስከ ላይ ድረስ ይጠይቃል። ያገባችው እህት ልጆቿ ምን ሆኑ የሚል ግን የለም።»

አቶ ባዳቾ መሐረቡን አፍጥጠው አዩት። ስንት ጊዜ በሽማግሌነት ሄደው ዘር ቆጥረዋል! የእህታቸውን የሚርያምን ልጆች ግን አንድም ቀን ቆጥረዋቸው አያውቁም፤ የባሏ ጎሳ ናቸዋ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ቆሎው ሄደ።

«ይቺ እናቴ ናት» አሉ አንድ ሽምብራ አስቀምጠው። «ይሄ እኔ ነኝ። ይሄ ታላቅ ወንድሜ አንጁሎ ነው። ተገርዞ ደሙ አልቆመም። ለሰው ‹ወባ ነው› በሉ ተባልን፤ እስከ ዛሬም ወባ ነው እንላለን። ይቺ ሚርያም ናት። ወንዱ ልጇ ጥርሱን ተነቅሎ ሞተ። የቀረቻት መቅደስ ናት። የመቅደስ ልጅ ደግሞ...»

ገብሷ ጣታቸው ላይ ቀረች። እንባቸው ሳያስፈቅዳቸው መጣ።

«ጌታሁን ነው። እኔ ነኝ ‹ይገረዝ› ብዬ ቀን የቆረጥኩለት። እናቱ ‹ትንሽ ይቆይ› ስትለኝ ‹ወሬ ልታስነሺ ነው?› ብዬ ተቆጣኋት። ከእንግዲህ ሠርጉ ቢቀር ይቅር፤ ትዕዛዝም ትቀየመኝ። ልጁን ለምላጭ አልሰጥም።»

ሜላት እሳቸው ‹እኔ ነኝ› ያሉትን ገብስ በጣቷ አመለከተች።

«አባባ፣ እርስዎ ሕመሙ የለብዎትም አይደል? ሕመሙ የሌለበት ወንድ ለልጆቹ አያወርሰውም። ትዕዛዝ ከእርስዎ የወረሰችው ነገር የለም።»

ደስ ይላቸዋል ብሎ የጠበቀ ተሳስቷል። ሰውየው ፊታቸው ጠቆረ። በሌለ ነገር ፈርተው የልጅ ነፍስ አስይዘው ኖረዋል። አለማወቅ ብቻውን ይህን አያደርግም፤ አለማወቅ ከይሉኝታ ጋር ሲጋባ ነው ቤት የሚያፈርሰው።

«መድኃኒት አለው?» አሉ በመጨረሻ።

«ጨርሶ የሚያድን የለም፤ አልዋሽዎትም። ደም የሚያረጋ መድኃኒት አዲስ አበባ አለ፤ እሱም እንደ ልብ አይገኝም። ሶዶ የለም። ግን ማወቁ ራሱ ያተርፋል። ልጁ አይገረዝም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ሐኪሙ ይነገረዋል። ጡንቻው ላይ መርፌ አይወጋም፣ አስፕሪን አይውጥም። ጉልበቱም ሲያብጥ ወጌሻ አያሸውም።»

«ጥናቱስ ለእኛ ምን ያደርጋል?»

«ተደብቃችሁ ሳላችሁ መድኃኒቱን ማን አለ ብሎ ማን ይልክላችኋል? ‹ወላይታ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ› ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ እንደሌላችሁ ነው የሚቆጠረው።»

ጎማው ሲቀየር አቶ ባዳቾ ወደ ሶዶ አልሄዱም። በተቃራኒ አቅጣጫ በሚሄድ መኪና ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እስኪደርሱም ‹ወጌሻው ዛሬም ልጁን አሽቶት ይሆን?› እያሉ ተጨነቁ።

ጌታሁን አዲስ አበባ ተመረመረ። ውጤቱን ሜላት ራሷ ይዛ መጣች፤ ያለ ቀበሌ ሰው፣ በሩ ተዘግቶ ነገረቻቸው። ሕመሙ ነበረበት። መቅደስ «ከእኔ ነው የወሰደው» ብላ ስታለቅስ፣ አቶ ባዳቾ «ብትሰጪውም መርጠሽ አይደለም» ብለው እጇን ያዙ። አቶ ጩማም ጉዳዩን ከእሳቸው አፍ ሰሙ፤ ክፉኛ ተቆጡ። «ደሙን ፈርቼ አይደለም። ሽማግሌዎቼን ዓይን ዓይናቸውን እያየህ ‹የለም› ማለትህ ነው ያስቆጣኝ» አሉ። ሠርጉ እስከ ፋሲካ ተራዘመ።

ጌታሁን ግን ሌላ ጭንቀት ነበረው። እኩዮቹ ተገርዘው በየቤታቸው ሲያርፉ እሱ ብቻውን ደጅ ለደጅ ይዞር ነበር። የመውጫቸው ድግስ ሲደርስ «ምን ተብዬ እሄዳለሁ?» ብሎ ጓዳ ገባ። አቶ ባዳቾ ከጓዳ አውጥተው፣ እጁን ይዘው፣ አዲስ ጋቢ አልብሰው ከድግሱ መሀል አቆሙት። ከዚያ ከተገረዙት እኩል ቅቤ ራሱ ላይ አደረጉለት። ጉርምርምታ ተነሳ። አቶ ባዳቾ ግን ተናገሩ።

«ወንድሜ አንጁሎን የገደለው ወባ አይደለም። ተገርዞ ደሙ ፈስሶ ነው የሞተው፤ እኛም ደበቅነው። ስለደበቅነው የእህቴ ልጅ ሞተ። ይሄ ልጅ በሕይወት የቆመው ስለተናገርን ነው። አልተገረዘም፤ ወንድ ነው። እኔ ሽማግሌው ቆጥሬዋለሁ።»

አቶ ጩማ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አቶ ባዳቾ ከፊታቸው ምንም ማንበብ አልቻሉም። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሀል አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተነሳች። ከአቶ ባዳቾ ጋር በጎሳም በጋብቻም አትገናኝም።

«አባባ» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፤ «ያቺ የተድላ ልጅ የት ነው የምትገኘው?»

«ነገ ጠዋት እኔ ራሴ እወስድሻለሁ» አሏት።