ጋሼ ውሃልክ አልታከምም ያሉ ጊዜ

በሩ አልገጠመም። ጋሼ ውሃልክ ወደ መቃኑ ገፉት፣ መልሰው ሳቡት፣ ዳር ዳሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። በግራም በቀኝም ቢላዋ የሚያሾልክ ክፍተት አለ። አርባ አንድ ዓመት በር ሠርተዋል። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ እሳቸው የሰቀሉት በር እንደ ውሃ ልክ ቀጥ ይል ነበርና።

አዲሱ ፎቅ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ከደረጃው የወረደች አንዲት ሴት ቆማ ታያቸው ኖሯል። ሙያውን የተማረችው በእሳቸው እጅ ነው። ኋላ ኮሌጅ ገባች፤ ዛሬ አሥራ አራት ሠራተኛ ያሉበት የበር ፋብሪካ አላት። የሕንፃው ባለቤት የምድር ቤቱን በሮች ለእሳቸው፣ የላዩን ለእሷ ሰጥቶ ኖሮ ሁለቱም አላወቁም።

"ጋሼ! እንዴት ዋሉ?"

"ማነሽ?" አሉ። መካከላቸው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ግን አላሳየችም። "እኔ ነኛ፤ ሙጫ የማሳርርብዎ።"

"አንቺ ነሽ? ድምፅሽ ወፈረሳ! ሀብት ነው?"

"የለም፣ ማሽን ሥር ስጮህ እየዋልኩ ነው።"

ጎንበስ ብላ የበሩን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "ጋሼ፣ የእርሳሱ መስመር የለም" አለች።

"እህ?"

"መጋዙ በልቶታል። 'መጋዝ መብላቱ አይቀርም፤ ከትርፉ አብሉት እንጂ ከበሩ አታብሉት' እያሉ ጆሮዬን የጎተቱኝ እርስዎ ነዎት። አሁን በሁለቱም ወገን ከመስመሩ ወደ ውስጥ ቆርጠዋል።"

ለአናጢ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ያውም እውነት ነበር። ጋሼ ውሃልክ ከተከመረው ሳንቃ ላይ ተቀመጡ።

"ዓይኔ ነው" አሉ። "ሞራ ጋርዶታል። ግራው ከደፈነ ቆየ፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ሐኪሙ ሐሙስ ና እገፍፍልሃለሁ ብሎኛል። ከቀረሁ ተራዬን ለሌላ ይሰጣል። ሌላ ተራ እስኪደርሰኝ ዓመት ያልፋል፤ እስከዚያ ቀኙም አይቆየኝም አለ።"

"ሐሙስ እኮ ከነገ ወዲያ ነው!"

"አልሄድም።"

"ፈሩ እንዴ?"

"መሮ እግሬ ላይ ሲወድቅ ውይ ያላልኩ ሰው! ቢላዋው አይደለም። ወጪውን የሚችለው መንግሥት ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ለምኜ አላውቅም።"

"ከደመወዛችንም ከገቢያችንም የሚቆረጠው የጤና መዋጮ ለዚሁ አይደል? እርስዎስ ሲያዋጡ አልኖሩም?"

"የሄደ ውሃ ነው። ስሚ፣ እኔ የማውቀው ገበያ ነው። ጥሩ በር የሠራ ይሸጣል፤ ያልቻለ መጋዙን ይስቀል። ሰው በላቡ ይብላ። ራብ ባይኖር ማን ከአልጋው ይነሳል? ሁሉን የሚደግፍ አገር ሰነፍ ያረባል።"

እንዲህ የሚያስብ ሰው ክፉ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ታታሪ ሰው ነው፤ ሌላውን ሁሉ በራሱ ጉልበት ይለካል። ሴትዮዋ ይህን ስለምታውቅ ቶሎ አልተቃወመችም። በሩን ገልብጣ ጀርባውን አሳየቻቸው።

"ይህ ወደ ግድግዳው የሚዞረው ወገን ነው። ማንም አያየውም። ለምን ላጉት?"

"እና ሻካራውን ልተወው? ነውር አይደለም?"

"ራብ ፈርተው ነው?"

"ምን ራብ አመጣው! ሙያ ነው እንጂ።"

"እንግዲህ ሰው የሚሠራው ራብ ስለገረፈው ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሙያውን ያከበረ፣ ነውር የሚያውቅ ሰው ቢታከምም ይሠራል። እንዲያውም ዓይኑ ካየ የበለጠ ይሠራል።"

ጋሼ ውሃልክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኮሌጁ ምላስሽን ልጎታል።"

"የተማርኩት ከእርስዎ ነው ብያለሁ። ሌላ ልጠይቅዎ። የአናጢዎች ሠፈር ልማድ ምን ነበር? የአንዱ ቤት ሲቃጠል?"

"እያንዳንዱ አናጢ ካለው ሳንቃ ምርጡን፣ አንድ ፊቱን ልጎ ያመጣለታል። እኔም ስንቴ አምጥቻለሁ።"

"የተቃጠለበት ሰው ሳንቃውን ሲቀበል ለማኝ ሆነ?"

"ምን ሲባል! እሱም ነገ ለሌላው ያመጣላ።"

"መዋጮውም ያው ሳንቃ ነው፤ ሠፈሩ ሰፍቶ ነው እንጂ።"

"ያኛውን እኮ አውቀዋለሁ፤ ከነአባቱ! ይኼኛውን ማን ያውቀዋል? ሳይሠራ የሚበላ ስንት አለ? ታምሜያለሁ ብሎ ኳስ ሲራገጥ ያየሁት አለ።"

"አለ። ይያዝ፣ ይጠየቅ። እርስዎ ዓይንዎን የሚያጡት እሱን ለመቅጣት ከሆነ ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው።"

ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸውን መለሱ። "ሰልፉስ? አራት መስኮት፣ አምስት ማኅተም! አንዷማ ልጅ ስሜን ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስቴም አልሰማችኝም።"

"እውነትዎን ነው። ሰልፉ ያስቀይማል፤ ይጠር እንበል። ስለ ገበያውም አልጣላዎም። የሳንቃ ዋጋ አንድ ጸሐፊ ከጠረጴዛው ሆኖ ይቁረጥ ቢባል እኔ ነኝ መጀመሪያ የምጮኸው። ዋጋውን ሻጭና ገዢ ይጨቃጨቁበት። ፋብሪካ ልክፈት ስል የማንንም ፊት ሳላይ የከፈትኩት ገበያው ነፃ ስለሆነ ነው። ገበያው ይሩጥ፤ የወደቀውን ግን አይርገጠው ነው የምለው።"

"አንቺ ምን ቸገረሽ? እኔ ብታወር ሥራው ላንቺ ነው።"

ይህን የተናገሩት ሊያስቀይሟት ነው። አልተቀየመችም፤ አጠገባቸው ሳንቃው ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ የመጀመሪያው ፋብሪካዬ መዘጋቱን ሰምተው ነበር?"

"ሰምቻለሁ። ማሽኑን ሁሉ ሸጠሽ ጠፋሽ አሉ።"

"ሰባት ወር ሥራ አልነበረኝም። የምበላው፣ ልጄን የማሳክመው ከዚያው መዋጮ ለሥራ አጥ በሚሰጠው ድጋፍ ነበር። በየሳምንቱ መስኮቱ ላይ ቆሜ ፈርሜያለሁ። ያ ባይኖር መሮዬንም መላጊያዬንም ሸጬ የሰው ቤት እጠርግ ነበር እንጂ ዳግም በር አልሠራም። ያዋጡልኝን አላውቃቸውም። እርስዎ ግን አንዱ ነበሩ፤ ያኔ ተቀናቃኜ ነበሩ፣ ዛሬም ነዎት።"

ጋሼ ውሃልክ ወደ ድምፁ ዞሩ።

"አሁን ይንገሩኝ" አለች። "እኔ ለማኝ ነበርኩ?"

ነበርሽ ቢሏት፣ እጇን ይዘው መጋዝ ያስጨበጧትን ልጅ መስደብ ነው። አልነበርሽም ካሉ ደግሞ የራሳቸው ነገር አበቃ። ሲከራከሩ የቆዩት ስም ከሌለው ሰነፍ ጋር ነበር፤ አሁን ስም ያለው ሰው አጠገባቸው ተቀምጧል።

"አልነበርሽም። አናጢ ነበርሽ።"

"እርስዎስ?"

"በቃ፣ ተይኝ። በስንት ሰዓት ነው ሐኪም ቤቱ የሚከፍተው?"

ሐሙስ ጠዋት አብራቸው ሄደች። አራቱን መስኮት አዞረቻቸው፤ ስማቸውን ላልሰማችው ልጅ ጮክ ብላ ነገረቻት። ጋሼ ውሃልክም የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፍፎ፣ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ወጡ። የሕንፃው ባለቤት አዳዲስ በሮች እስኪሠሩለት ለመጠበቅ እሺ ብሎ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ጋሼ ውሃልክ ሳይጠሩ ወደ ፋብሪካዋ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በተደረደሩት በሮች መካከል ተራመዱ። ሰባተኛው ላይ ቆሙ፤ አንዱን ዓይን ጨፍነው በጠርዙ አሻግረው አዩ።

"ይህን ማን ነው የላገው?"

"ማሽን ነው፣ ጋሼ።"

"ማሽኑንም ሐኪም ይየው።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ቀጥ ያለ ብረት አምጥታ በጠርዙ ላይ አጋደመች፤ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ታየ።

የዚህን ነገር ጥቅም ማንም ሊያስበው ይችላል። አንድ ሽማግሌ ሙያውን ሳይቀማ ቀረ። አንዲት ነጋዴ የሚያስፈራት ተቀናቃኝ ተመለሰላት። በር ገዢውም ከሁለቱ የተሻለውን ይመርጣል። ይህን ሁሉ ያደረጉት አብዛኞቹ አዋጪዎች ደግሞ ጋሼ ውሃልክን አይተዋቸው አያውቁም፤ እሳቸውም ነገ የማን ዓይን በመዋጮአቸው እንደሚበራ አያውቁም። ሰው የሚያውቀውን መርዳቱ ደግነት ነው። የማያውቀውን መርዳት የለመደ አገር ግን ከደግነት አልፎ ሥርዓት አቁሟል፤ በሥርዓቱ ላይ የቆመ ሰውም ወድቆ መነሳትን አይፈራም።

"በገዛ መዋጮዬ ጠላት ገዛሁ" አለች ሴትዮዋ ብረቱን እያነሳች። ከዚያ ወደ ሠራተኞቿ ዞረች። "ማሽኑን አጥፉት። በሮቹ ሁሉ እንደገና ይላጉ።"