ያልተለቀመው አደይ

ክቡራትና ክቡራን! ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምታችሁ ስለማታውቁ ደነገጣችሁ አይደል? አይዟችሁ፣ ለዛሬ ብቻ ነው፤ አይደገምም።

አስቀድሜ ይህን መሰነባበቻ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ቆሎው ጥሩ ነው። ለስላሳውም ቀዝቃዛ ነው። ጋቢውማ ወፍራም ነው። አርባ ምንጭ ድረስ፣ ያን ሁሉ ሙቀት ወዳለበት አገር ለሚሄድ ሰው ወፍራም ጋቢ የመረጠው ማን ነው? እጅህን አታውጣ፣ አውቄሃለሁ። ግን እለብሰዋለሁ። ላብ ቢያጠምቀኝም እለብሰዋለሁ።

ከባሕር ዳር የመጣችሁ እንግዶች ስላላችሁ ራሴን ላስተዋውቅ። አመሉ እባላለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ተምሬ ዘጠነኛን በሩቁ የተሳለምሁ ሰው ነኝ። እዚህ ወረታ፣ በዚህ ቢሮ፣ አራት ዓመት ቢራቢሮ ስቆጥር ኖሬያለሁ። አዎ፣ ቢራቢሮ። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምትናገረው «ልጄ ግብርና ነው የሚሠራ» እያለች ነው። እውነቱን ብትነግራቸው «ምነው፣ ጸበል አታስጠምቂውም?» እንዳይሏት ትፈራለች።

ሥራው እንዲህ ነው፤ የሜዳው ጤና በቢራቢሮው ብዛት ይታወቃል ይባላል። ክረምቱ ወጥቶ የፎገራ ሜዳ ውኃውን ሲያጎድል፣ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጠብቀህ መስመርህን ትይዛለህ። የእኔ ሦስተኛው መስመር ነው፤ ከርብ ድልድይ ተነስቶ የሩዝ ማሳውን ድንበር ይዞ ከብቶቹ ውኃ እስከሚጠጡበት ድረስ። ቀስ ብለህ ትሄዳለህ። ከፊትህ ያለውን ብቻ ታያለህ። ያየኸውን ትጽፋለህ፤ «ሳይኖር አይቀርም» ያልኸውን አትጽፍም። አትሮጥም፣ አትይዝም፣ ወደ ኋላ አትመለስም። ደግሞ የምትሄደው ብቻህን ነው። ሁለት ሰው ከሆነ ወሬ ይመጣል፣ ወሬ ከመጣ ዓይን ይሄዳል።

እኔን! ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን፣ «አፍህን ዘግተህ ሂድ» የሚል ሥራ ላይ ያዋለኝ እግዜር ከእኔ የባሰ ቀልደኛ ነው።

የቢራቢሮዎቹ የፈረንጅ ስም ምላሴ ላይ አልቀመጥ ሲለኝ የራሴን ስም አወጣሁላቸው። ብርቱካናማውን፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር የሆነውን፣ ነብርዬ አልሁት። ነጩን ነጠላ። ያችን ቁንጥንጥ ቢጫ ደግሞ ናፍቆት አልኋት። ጸሐፊያችን ናፍቆት ይኸው እዚህ አለች፤ ወንበሯ ላይ አርፋ ስትቀመጥ ያየ ካለ ይመስክር። ክንፉን ገጥሞ አንድ ቦታ ላይ እንቅልፍ የሚወስደውን ቡናማውን ደግሞ... አለቃችን አቶ ታደለ ይቅር ይበሉኝ።

ስሞቹን የያዘው ሪፖርቴ ሳይታረም ባሕር ዳር፣ ዋናው ቢሮ ደረሰ። «ታደለ፣ ሁለት፣ እርጥብ እበት ላይ» ይላል። ስልክ ተደወለ። አቶ ታደለ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«አመሉ፣ እኔ እበት ላይ ምን እሠራለሁ?»

«ጨው ይመጥጣሉ፣ ጌታዬ። ወንዶቹ ሁሉ እንዲያ ናቸው።»

ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ሳቁ ቀደማቸው። አሁንም ቀደማቸው፣ እዩዋቸው!

ሳቁልኝ። ሳቃችሁን ስንቅ አድርጌ መሄድ ነው የምፈልገው፤ ሜዳው ላይ የሚስቅልኝ አልነበረም። ነብርዬ አይስቅም። አንድ ቀን በጣም ቢጨንቀኝ ቆሜ ለላም ቀልድ ነግሬያለሁ። እበቷን ጥላልኝ ሄደች።

ሰው የለም ማለቴ ግን አይደለም። አያ ባየህ ነበሩ። አያ ባየህ መስመሬ የሚያልፍበት ማሳ ባለቤት ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የመንደሩ ሰው ቃላቸውን ይሰማል። በመጀመሪያው ዓመት መሬት መሬቱን እያየሁ ስንፏቀቅ አገኙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ምንም አልጠፋብኝም፣ አያ ባየህ። ቢራቢሮ እየቆጠርሁ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አሁን ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስንት ደረሱልህ?» አሉኝ።

«ዘጠኝ።»

«በርታ። ነገ ዐሥር ይሞሉልሃል።»

ከዚያ ወዲህ ባለፍሁ ቁጥር፣ እያረሙም ይሁን ከብት እየመለሱ፣ ከሩቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዛሬስ ስንት ደረሱ?» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍ የምሰማው ያችን ብቻ ነበር። ትበቃኝም ነበር።

እንግዲህ የመስቀል ዋዜማን ታውቃላችሁ። ለደመራው ልጅ አዋቂው ወጥቶ አደይ ይለቅማል። ያ ሁሉ ድንበር በአንድ ቀን ይላጫል። እኔም ማግስቱን ስወርድ ጥቂት ነገር ጽፌ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ ፊቴ ጠቁሮ አዩኝና፣ «ዛሬስ?» አሉ አያ ባየህ። «ዛሬማ ምን አለ፣ አበባው አለቀ» አልኋቸው። ስለ አበባው ከአፌ የወጣችው ይህችው ብቻ ናት፤ ተውልኝ አላልሁም።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል ማግስት ስወርድ ግራ ቀኙ እንደ ወትሮው ተላጭቷል። የእኔ መስመር ላይ ግን አደዩ እንደ ቆመ ነው። እስከ ወገቤ ደርሷል! የሜዳው ቢራቢሮ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። ነብርዬው፣ ነጠላው፣ ናፍቆቷ፣ ታደለው፣ ሁሉም በያይነቱ። ለመቁጠር ዓይን አነሰኝ።

ቢሮ መጥቼ ስናገር ምን እንዳደረጋችሁ ታስታውሳላችሁ። «በሦስተኛው መስመር ቢራቢሮ በዛ!» ተብሎ በስብሰባ ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ ሳልቀልድ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ያላጨበጨቡት ባለሙያችን ወይዘሪት ሉሊት ናቸው። «ለምን የአንተ መስመር ብቻ?» አሉኝ። በማግስቱ ጫማቸውን በቦቲ ቀይረው አብረውኝ ወረዱ። ያን የቆመ አደይ አዩ፣ የተላጨውን አዩ፣ ከዚያ አያ ባየህን ጠየቋቸው።

«እህ፣ የልጁ መንገድ ነው እንጂ!» አሉ አያ ባየህ ደስ ብሏቸው። «ማንም እንዳይነካበት ለመንደሩ ተናግረን ነው። ልጆቻችን ራቅ ብለው ለቅመው መጡ። ብቻውን ሲንከራተት እያየነው፣ የሚቆጥረው ይጣ?»

ወይዘሪት ሉሊት ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የምለው ጠፋኝ። እኔ! ቢራቢሮው አልበዛም ነበራ። ከየድንበሩ አበባ ሲያጣ ተሰዶ እኔ ዘንድ መጥቶ ነው። ሜዳው እንዴት እንደ ከረመ ልናውቅ ወጥተን ያወቅነው የአያ ባየህን ደግነት ነው። ደግነት ደግሞ በሪፖርቱ ላይ ቦታ የለውም። የዚያ ዓመት ቆጠራ ተሰረዘ።

ዘንድሮ ከመስቀል በፊት ወርጄ፣ «አያ ባየህ፣ እባክዎ አደዩ እንደ ድሮው ይለቀም» አልኋቸው።

«ምን አጠፋን?»

«ምንም አላጠፋችሁም። ሜዳውን እንዳለ ማየት ስላለብኝ ነው።»

«እኛኮ ለአንተ ብለን ነው።»

«አውቃለሁ፣ አያ ባየህ።»

ላስረዳቸው ሞከርሁ። ስለ መስመሩ፣ ስለ ተሰረዘው ዓመት ብዙ ተናገርሁ። እርሳቸው የሰሙት አንድ ነገር ነው፤ የሰጡኝን መልሼ እንደሰጠኋቸው። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

አስለቀሙት። አንዲት ዘለላ ሳትቀር አስለቀሙት። ከዚያ ወዲህ ባለፍሁ ቁጥር ደህና አድርገው ሰላም ይሉኛል፣ እናቴንም ይጠይቁልኛል። «ስንት ደረሱ?» ግን አይሉኝም።

«ለምን ትሄዳለህ?» ስትሉኝ፣ «እህቴ አርባ ምንጭ የሙዝ ጭነት ላይ ሥራ አግኝታልኛለች፤ ሙዝ ደግሞ አይበርም» እያልሁ ስቀልድባችሁ ሰነበትሁ። ሥራው እውነት ነው። ግን እህቴ ከሁለት ዓመት በፊትም ና ና ስትለኝ ነበር፤ እምቢ ብያታለሁ። ዝም ያለ ሜዳ እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። አውቆ ዝም ያለኝን ሜዳ ነው ያልቻልሁት።

አሁን ቀልዱ ይቆይና ልለምናችሁ። አቶ ታደለ፣ «አመሉ ከሄደ ሦስተኛው መስመር ይዘጋል» ብለዋል። ሩቅ ነው፣ ጭቃው ጉልበት ይይዛል፣ እውነትዎን ነው። ግን ዛሬ እምቢ የማይባልበት ቀኔ ነውና ልናገር። መስመሩ ከተዘጋ አያ ባየህ ያን አደይ ያስለቀሙት ለምንድን ነው? ስጦታቸውን የመለስሁባቸው ለምንድን ነው? መስመሩ ከቀጠለ አንድ ዓመት አንድ ሰው ወደ ማሳቸው ይሄድና፣ «አያ ባየህ፣ በድንበርዎ ላይ አምና ይህን ያህል ነበር፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ሆነ፤ ይህን ያወቅነው እርስዎ እሺ ስላሉን ነው» ይላቸዋል። ከተዘጋ ግን ሽማግሌ በከንቱ አስቀይሜ አገር ለቅቄ የሄድሁ ሰው ነኝ።

«ሰው የለንም እኮ፣ አመሉ።» ይኸው፣ አቶ ታደለ ከወንበራቸው ሆነው የሚሉትን ሰማችሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ የተቀመጠው ምንድን ነው? ናፍቆት፣ ጣራ ጣራውን አትይ፤ እዚያ ቢራቢሮ የለም። አንተም ጫማህን ማሰር ተው፣ ክር የለውም።

እሺ። ዛሬ መልስ አልጠይቅም። ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ ይፈራል። መኪናዬ ነገ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ ርብ ድልድይ ላይ እቆማለሁ። የምወርደው ለመቁጠር ሳይሆን መንገዱን ለማሳየት ነው፤ ስለዚህ እንደ ልብ ማውራት ይቻላል። የመጣውን ሰው አያ ባየህ ዘንድ አድርሼ፣ «ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ይህ ነው፤ አደራዎን» እላቸዋለሁ። ማንም ካልመጣ ብቻዬን ወርጄ እሰናበታቸዋለሁ። ምን እንደምላቸው ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

በሉ እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ እድሜዬ ባይፈቅድም ተሰናባች ይመርቃል። ውኃው በጊዜው ይምጣላችሁ፣ በጊዜው ይሂድላችሁ። ሩዙ ፍሬ ይያዝ፣ ከብቱ ይጥገብ። አቶ ታደለ፣ የልጅ ልጅ ይሳሙ። ወይዘሪት ሉሊት፣ የጠየቁት ሁሉ ይገለጥልዎ። ናፍቆት፣ የሚያስቅሽ ባል ይስጥሽ፤ እኔን የመሰለ ግን አይሁን፣ አትችይውም። ሁላችሁንም ስትወጡ ሸኚ፣ ስትገቡ ተቀባይ አያሳጣችሁ። ለመጪው መስከረም በጤና ያድርሳችሁ።

ደህና ሁኑልኝ።

ሦስት ሰዓት ብያለሁ። ትንሽ ብትዘገዩም እጠብቃለሁ።